«በእሷ በኩል ካልሆነ እዚህ አንዳች የለኝም»፦ የኢዛቤል ደ ክሌር ርስትና ትዳር

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «መምህር፣ ስለ እንግሊዛዊው ጦረኛ ስለ ዊልያም ማርሻል አንድ ዝግጅት አየሁ። ትልቅ ሰው የሆነው ንጉሡ አንዲት ባለጸጋ ወራሽ ልጅ ስለሰጠው ነው ይላል። እሷ 17 ዓመት ገደማ፣ እሱ ከ40 በላይ። ከሠርጉ በኋላ ስለ ልጅቷ አንዲት ቃል የለም። ሦስት ነገር ልወቅ። ተሸጠች ማለት ይቻላል? ካገባች በኋላ መሬቱ የማን ነው? ደግሞስ ይዋደዱ ነበር?»

እህቴ፣ ዝግጅቱ የዘለላትን ሴት በስሟ በመጥራት ልጀምር። ኢዛቤል ደ ክሌር ትባላለች። በ1170ዎቹ መጀመሪያ ተወለደች፣ በ1220 ሞተች። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልሽ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ስለ እሷ ሲጠየቅ ዝም ማለት አልችልም፤ ብዙ ጊዜ የባሏ ታሪክ ግርጌ ላይ አንድ መስመር ሆና ትቀራለችና።

አጭሩ መልስ ይኸውልሽ። አዎ፣ ተሰጥታለች። መሬቱ ግን የደሟ ነበር፤ ስትዳርም አብሮ ተዛውሮ የባል ሆኖ አልቀረም። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቀው ባሏ ነበር። በአደባባይ፣ በጭፍሮቹ ፊት፣ እጇን ይዞ ተናግሮታል። እዚያ እንደርሳለን።

ነገሩ የሚጀምረው ከእናቷ ነው። እናቷ ኢፋ ትባላለች። የሌንስተር ንጉሥ የዲየርሚድ ማክ ሙርካዳ ልጅ ናት። ሌንስተር የአየርላንድ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ነው። ዲየርሚድ በ1166 ከመንግሥቱ ተባረረና ባሕር ተሻግሮ የእንግሊዙን ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛን ደጅ ጠና። ሄንሪ ራሱ አልዘመተለትም። ከሰዎቼ የሚከተልህ ካገኘህ ግን አልከለክልም አለው። ዲየርሚድም ዌልስ ውስጥ ሪቻርድ ደ ክሌርን አገኘ። ታሪክ «ስትሮንግቦው» በሚል ቅጽል ያውቀዋል። ትልቅ ዘር ያለው፣ ንጉሡ ግን ፊት የነሳው፣ የአባቱን ማዕረግ እንኳ የተከለከለ ባላባት ነበር።

ስምምነቱ ግልጽ ነው። ጦር አምጣ፤ ልጄን እድርልሃለሁ፤ እኔ ስሞት ሌንስተር ያንተ ነው። ስትሮንግቦው በነሐሴ 1170 ወደ 200 ፈረሰኞችና 1,000 የሚሆኑ ሌሎች ወታደሮች ይዞ አየርላንድ ወረደ። የዋተርፎርድ ከተማ ወዲያው ወደቀች። ሠርጉም ከተማዋ በተያዘች በቀናት ውስጥ እዚያው ተፈጸመ። ሙታን ገና ተቀብረው ሳያልቁ ማለት ነው። ዲየርሚድ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ፣ ስትሮንግቦውም ሌንስተርን ያዘ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። በአየርላንዶች ልማድ መንግሥት በሴት ልጅ በኩል አይተላለፍም። ከንጉሡ ዘር ከወንዶቹ አንዱ ይመረጣል። ስለዚህ በአያቷ ሕግ ኢዛቤል የሌንስተር ወራሽ አይደለችም። በአባቷ ሕግ ግን ናት። በእንግሊዝና በኖርማንዲ (ያኔ የእንግሊዝ ንጉሥ ይገዛው በነበረው የሰሜን ፈረንሳይ ምድር) ሕግ ወንድ ልጅ ካለ የበኩሩ ነው፤ ወንድ ከሌለ ሴቶች ልጆች እኩል ይካፈላሉ፤ አንዲት ብቻ ከሆነች ሁሉንም ትወስዳለች። የኢዛቤል ርስት በአየርላንድ የቆመው በዚህ ከባሕር ማዶ በመጣ ሕግ ላይ ነው። ይህን ያዢልኝ። በኋላ ይህ ሕግ ራሱ ቤቷን ሲበትነው ታያለሽ።

አባቷ በ1176 ሞተ። ሁለት ትንንሽ ልጆች ትቶ አለፈ፤ ኢዛቤልና ወንድሟ ጊልበርት። ወራሹ ጊልበርት ነበር። እሱም ለአካለ መጠን ሳይደርስ በ1185 ገደማ ሞተ። በአንድ ልጅ ሞት ሁሉም ነገር እሷ ላይ ወደቀ።

ምን ነበር የወደቀው? በዌልስ ጠረፍ የቼፕስቶ ምሽግና ከ65 በላይ ፈረሰኛ የሚያቀርብ ግዛት። በአየርላንድ ሌንስተር በሙሉ፤ ለንጉሡ የ100 ፈረሰኞች አገልግሎት ያለበት። በእንግሊዝና በኖርማንዲ ደግሞ የመሬት ይገባኛል መብት። «ርስት» የምልሽ በደም የሚወረስ ስለሆነ ነው። ከመሬቱ ጋር ግን የመፍረድ፣ ግብር የመቀበልና ጦር የመጥራት ሥልጣንም ነበረበት፤ በዚህ በኩል ጉልትን ይመስላል። ሁለቱን ቃላት ደባልቀሽ አስቢው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ። ከንጉሥ መሬት የያዘ ሰው ሞቶ ወራሹ ልጅ ከሆነ፣ ሞግዚቱ ንጉሡ ነው። ልጁ እስኪያድግ የመሬቱን ገቢ ንጉሡ ይበላል። ወራሿ ሴት ከሆነች ደግሞ ለማን እንደምትዳር የሚወስነው እሱ ነው። ይህን መብት በገንዘብ ይሸጠዋል፣ ላገለገለው ይሰጠዋል፣ ሊያባብለው ለሚፈልገው ያሳየዋል። በ1185 የሄንሪ ሹማምንት በ12 አውራጃዎች ዞረው በንጉሡ እጅ ያሉ መበለቶችንና ወላጅ አልባ ወራሾችን መዝግበዋል። መዝገቡ ዛሬም አለ። የሴቲቱ ስም፣ ዕድሜዋ ስንት ነው፣ ስንት ልጅ አላት፣ መሬቷ በዓመት ምን ያስገባል፣ ስንት በሬ፣ ስንት በግ አለው፣ ቢጨመርበትስ ምን ያህል ያወጣል። ለተማሪዎች ሳነበው ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሰውና በግ በአንድ መስመር ነው የሚቆጠሩት።

ስለዚህ «ተሸጠች» ስትዪ ከእውነቱ ብዙ አልራቅሽም። ኢዛቤል በለንደን፣ በግንቡ ውስጥ፣ በንጉሡ ዋና ዳኛ በራኑልፍ ደ ግላንቪል ጥበቃ ሥር ተቀመጠች። የሚገርመው፣ የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሕግ የሚያስረዳ ስመ ጥር ድርሳን በዚሁ ሰው ስም ይጠራል። እሱ ይጻፈው ሌላ ሰው፣ ስለ ወራሽ ሴቶችና ስለ ባሎቻቸው መብት የሚናገረው ሕግ እሷን ከሚጠብቃት ሰው ስም ጋር ተጣብቆ ቀርቷል።

ዊልያም ማርሻልስ ማን ነው? መሬት የሌለው ታናሽ ልጅ ነው። ገና ሕፃን ሳለ፣ በ1152፣ አባቱ ለንጉሥ እስጢፋኖስ መያዣ አድርጎ ሰጥቶት ነበር። አባትየው ቃሉን ሲያጥፍ ንጉሡ ልጅህን እሰቅለዋለሁ አለ። አባትየውም፣ ከዚህ የተሻለ ልጅ የምቀጠቅጥበት መዶሻና መስፍ አለኝ ብሎ መለሰ ይባላል። ንጉሡ ራርቶ ተወው። ያ ልጅ አድጎ በፈረስ ግጥሚያ ዝና አተረፈ፣ የንጉሡን ልጅ አገለገለ፣ ኢየሩሳሌም ደርሶ ተመለሰ። ከ40 ዓመት በላይ ሆኖት ግን ስሙ እንጂ መሬቱ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ባለርስት መሆኛው አንድ መንገድ ብቻ ነው፦ ወራሽ ማግባት። ከዚያ በፊት ንጉሡ የሰሜን እንግሊዟን ወራሽ ሄሎይዝን በሞግዚትነት ሰጥቶት ነበር። አላገባትም። የተሻለ ጠበቀ ማለት ነው፤ ላስውበው አልፈልግም።

በ1189 ሽማግሌው ሄንሪ ከገዛ ልጁ ከሪቻርድ ጋር ሲዋጋ፣ አብረውት ለቀሩት ታማኞች ተስፋ ሰጠ። ለዊልያም ኢዛቤልን። ለጓደኛው ለቦልድዊን ደ ቤቱን የፈረንሳይዋን ወራሽ ዴኒስን። በሰኔ ሪቻርድ አባቱን ሲያሳድድ ዊልያም ዞሮ ገጠመው፤ የሪቻርድን ፈረስ በጦር ወግቶ ጣለው። ልጁን መግደል ይችል ነበር፤ ፈረሱን ገደለ። ብዙም ሳይቆይ፣ ሐምሌ 6፣ ሄንሪ ሞተ። ሪቻርድ ነገሠ። ዊልያም አለቀልኝ ሳይል አልቀረም።

ሪቻርድ ግን ማረው። የዊልያምን ታሪክ በፈረንሳይኛ ግጥም ያስጻፈው የበኩር ልጁ ነው፤ ያ ግጥም እንደሚለው፣ ከአጠገቡ ያሉት አባትዎ ልጅቷን ሰጥቶት ነበር ሲሉት፣ አዲሱ ንጉሥ አልሰጠውም፣ ቃል ብቻ ነው የገባለት፣ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ልጅቷንም መሬቷንም አለ። ዴኒስን ግን ለሌላ ሰው ሰጣት። ቦልድዊን ለጊዜው ባዶ እጁን ቀረ። አየሽ፣ የሁለት ሴቶች ሕይወት አንድ ከሰዓት በኋላ በወሬ መሃል ተወሰነ። ሁለቱም እዚያ አልነበሩም።

ዊልያም ለንደን ደረሰ። ልጅቷን ወደ ራሱ አገር ወስዶ እዚያ ሊዳር አስቦ ነበር። ያስተናገደው የከተማው ባለጸጋ ሪቻርድ ፊትዝሬይኒየር ግን አይሆንም፣ እዚሁ አግባ፣ ወጪውን እኔ እችለዋለሁ አለ። ሠርጉ በለንደን በሰው ገንዘብ ተደገሰ። ከዚያ ሁለቱ ሰሪ ውስጥ ስቶክ ዳበርኖን የምትባል ጸጥ ያለች መንደር ሄደው ሰነበቱ። አባትና እናቷ የተጋቡት በነሐሴ 1170 መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ፣ ኢዛቤል በዚያ ቀን ከ18 አትበልጥም። በቤተ ክርስቲያን ሕግ ያለ ሙሽራዋ ፈቃድ ጋብቻ አይጸናም። በግንብ ውስጥ ላደገች፣ አባት ለሌላት፣ ንጉሥ ለሰጣት ልጅ ግን «እሺ» ማለት ምን ያህል ምርጫ እንደነበር አንቺም እኔም እናውቃለን።

ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ መሬቱ የማን ነው የሚለው፣ ለእኔ የነገሩ ሁሉ እምብርት ነው።

በሕጉ ባል የሚስቱን ርስት ያስተዳድራል። ገቢውን ይቀበላል፣ ለንጉሥ ሰግዶ ታማኝነቱን ይምላል፣ ፍርድ ቤት ይቆማል። አንድ ልጅ ሕያው ሆኖ ከተወለደና ጩኸቱ ከአራቱ ግድግዳ ውስጥ ከተሰማ ደግሞ፣ ሚስቱ ቀድማው ብትሞት እንኳ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ መሬቱን ይይዛል። ልብ በይ፣ ማስረጃው ጩኸት ነው። ሕፃኑ በማግስቱ ቢሞትም ግድ የለም፤ አንድ ጊዜ ከተሰማ በቃ። የኢዛቤል የመጀመሪያ ልጅ ትንሹ ዊልያም በ1190 ተወለደ። በዚያች ጩኸት አባቱ ለዕድሜው ሙሉ ዋስትና አገኘ።

ግን ሕጉ ሌላ ወገንም አለው። ባል የሚስቱን ርስት ለዘለቄታው አሳልፎ ሊሰጥ ቢፈልግ የእሷ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያለ ፈቃዷ ከሰጠ፣ እሱ ሲሞት ከስሳ ታስመልሳለች። ርስቱን የሚወርሱትም የእሱ ዘመዶች ሳይሆኑ የእሷ ልጆች ናቸው። ለዚህ ነው ዊልያም ለገዳማትም ለጭፍሮቹም የሰጣቸው ሰነዶች ላይ «በሚስቴ በኢዛቤል ምክርና ፈቃድ» የሚል የምናገኘው። ይህ የፍቅር ቃል እንዳይመስልሽ። ሰነዱን የሚያጸናው የእሷ ፈቃድ ነው።

በእሷ መብት ያገኘውን እንቁጠረው ካልሽ፣ ቼፕስቶንና ሌንስተርን ይዞ ይጀምራል። በ1189 በእሷ ዘር በኩል የመጣውን የጊፋርድ ቤት ግማሽ መሬት በ2,000 ማርክ (የዘመኑ የገንዘብ መቁጠሪያ) ከንጉሡ አስለቀቀ። ኖርማንዲ ያለው ሎንግቪል በዚህ መጣ። በ1199 አዲሱ ንጉሥ ጆን በዘውድ በዓሉ ቀን የፔምብሮክ ኧርል አደረገው። ኧርል በእኛ አፍ ራስ ወይም ደጃዝማች እንደማለት ነው። ይህም ለአባቷ የተነፈገው ማዕረግ ነበር። ዊልያም ማዕረጉን ያገኘው የስትሮንግቦው ልጅ ባል ስለሆነ ነው።

ቼፕስቶ ብትሄጂ አንድ ነገር እንዳያመልጥሽ። ከምሽጉ ውስጥ፣ ከዝናብ ተጠልለው፣ ሁለት ትልልቅ የእንጨት በሮች ቆመዋል። የውጭ ፊታቸው በብረት ተለብጧል፤ ጀርባቸው እንደ መረብ በተጋጠመ አግዳሚና ቋሚ እንጨት ተይዟል። የእንጨቱ ቀለበት ሲመረመር ዕድሜያቸው ከ1190 ወዲህ እንዳልሆነ ታወቀ። በአውሮፓ ካሉት የምሽግ በሮች በዕድሜ አቻ የላቸውም ይባላል። ኢዛቤል አሥር ልጆች ወልዳለች፤ አምስት ወንዶች፣ አምስት ሴቶች። በእነዚያ በሮች ስንት ጊዜ ነፍሰ ጡር ሆና እንደገባች አስቢ።

አሁን ወደ 1207 እንሂድ። ንጉሥ ጆን ከዊልያም ጋር ተጣልቷል። ኖርማንዲ በ1204 በፈረንሳይ እጅ ስትወድቅ ዊልያም እዚያ ያለውን መሬት ላለማጣት ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሰግዶ ነበር። ጆን ይህን አልረሳም። የበኩር ልጁን መያዣ አድርጎ ወስዶበታል። ዊልያምና ኢዛቤል ወደ አየርላንድ ሲሄዱ ደግሞ ሁለተኛውን፣ ሪቻርድን ጠየቀ። ኢዛቤልና ባላባቶቹ አይሰጥም ብለው መከሩ። ዊልያም ግን ሰጠ። ራሱ በሕፃንነቱ መያዣ ሆኖ ከገመድ የተረፈ ሰው ነው። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ከእሷ ጋር እቆማለሁ።

በመስከረም መጨረሻ ንጉሡ ዊልያምን ወደ እንግሊዝ ጠራው። ወጥመድ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ዊልያም መሄድ አለበት። ኢዛቤል ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ አየርላንድ ትቀራለች። ዊልያም የሌንስተርን ባላባቶች ኪልኬኒ ሰበሰበ። ሚስቱን እጇን ይዞ አስገባና በፊታቸው አቆማት። ግጥሙ ንግግሩን አቆይቶልናል። አሳቡ ይህ ነው፦ ጌቶቼ፣ ይኸውላችሁ እመቤታችሁ። በልደቷ እመቤታችሁ ናት። ይህን አገር በእጁ አቅንቶ ለእናንተ መሬት የሰጣችሁ የኧርሉ ልጅ ናት። ነፍሰ ጡር ሆና ከእናንተ ጋር ትቀራለች። እግዚአብሔር እስኪመልሰኝ በታማኝነት ጠብቋት፤ በእሷ በኩል ካልሆነ እኔ እዚህ አንዳች የለኝም።

እስቲ ቆም በይና አስቢው። በዘመኑ አቻ ያልተገኘለት ፈረሰኛ፣ የ60 ዓመት ሰው፣ ከ18 ዓመት ትዳር በኋላ በጭፍሮቹ ፊት የሚለው ይህንን ነው። ትሕትና ብቻ አይደለም፤ ሕጉን ነው የተናገረው። እነዚያ ሰዎች መሐላ የገቡት ለስትሮንግቦው ነው። መሐላው ዘሩን ይከተላል። ዘሩ ደግሞ እሷ ናት።

ዊልያም በሄደ በሳምንት ጊዜ ውስጥ የንጉሡ እንደራሴ የሜይለር ፊትዝሄንሪ ሰዎች ወጡ። ባልና ሚስቱ ያቋቋሟትን የኒው ሮስን ጎተራዎች አቃጠሉ። በኋላም ኢዛቤል ኪልኬኒ ውስጥ ተከበበች ይባላል። ምን አደረገች? አንድ ሰው በምሽጉ ቅጥር ላይ ወደ ታች አስወርዳ ለዊልያም ታማኝ ለጆን ኦቭ ኧርሊ መልእክት ላከች። ባላባቶቹ ተነሡ፤ ጥቂት ከሃዲዎች ቢኖሩም አብዛኞቹ ለእሷ ቆሙ።

በእንግሊዝ በኩል ደግሞ በዚያ ብርድ ማዕበሉ ባሕሩን ዘግቶታል፤ ከአየርላንድ መርከብ አይመጣም። በጥር 1208 ንጉሥ ጆን በፈረስ ላይ ሳሉ ወደ ዊልያም ጠጋ አለና ወሬ ነገረው። ሚስትህ ኪልኬኒ ተከባለች፣ ጦርነት ሆኗል፣ ታማኞችህ ሞተዋል። ታማኞቹ ሞቱ ያለው ውሸት ነበር። ፊቱን ሊያይ ነው የነገረው። ዊልያም ፊቱን አልለወጠም። መርከቡ ሲመጣ የደረሰው እውነት ሌላ ነው። የተሸነፈው ሜይለር ነው፤ ተይዞ የገዛ ልጁን መያዣ ሰጥቷል። ለማን? ለኢዛቤል ወገን። የንጉሡ እንደራሴ በአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ጭፍሮች ተረታ። ጆን ከዚያ በኋላ ታረቀ።

ስለ መሬቱ የመጨረሻ ዕጣ ብዙ አልልም፤ አሳዛኝ ነው። አምስቱም ወንዶች ልጆቿ ተራ በተራ ኧርል ሆኑ፣ አምስቱም ያለ ሕጋዊ ልጅ ሞቱ። የበኩሩ በ1231፣ ሪቻርድ በ1234 በአየርላንድ ቆስሎ፣ ጊልበርት በ1241 በፈረስ ግጥሚያ። ሁለቱ ታናናሾች በ1245 መጨረሻ በሳምንታት ልዩነት። ያኔ ያዢልኝ ያልኩሽ ሕግ መጣ። ወንድ ከሌለ ሴቶች ይካፈላሉ። ሌንስተር ለአምስቱ እህቶች ወገን ተቆረሰ፤ ኪልኬኒ ለአንዷ፣ ካርሎ ለአንዷ፣ ዌክስፎርድ ለአንዷ፣ ኪልዴር ለአንዷ፣ ዱናሜዝ ለአንዷ። ደሙ ግን ሩቅ ሄደ። የስኮትላንዱ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ ከኢዛቤል አራተኛ ትውልድ ነው፤ በሴት ልጇ በኩል።

ይዋደዱ ነበር ወይ? በ1189 እንዴት ይዋደዳሉ፣ አይተዋወቁም። በ1219 ግን ሌላ ታሪክ ነው።

በዚያ ጊዜ ዊልያም ከ70 በላይ ነው። ጆን በ1216 ሞቶ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነግሦ ነበር፤ ዊልያም እንደራሴ ሆኖ አገሩን ይዞ፣ በ1217 ሊንከን ላይ ራሱ ተዋግቶ አሸንፏል። በ1219 መጀመሪያ ለንደን ግንብ ውስጥ ታመመ። ከ30 ዓመት በፊት እሷ የተቀመጠችበት ግንብ ነው። ሞቴ በቤቴ ይሁን አለ። በቴምዝ ወንዝ ወደ ኬቨርሻም ወሰዱት፤ እሱ በአንድ ጀልባ፣ ኢዛቤል በሌላ ጀልባ ከኋላው።

ኬቨርሻም ልጆቹ ተሰበሰቡ። አንድ ቀን መዝፈን አማረኝ አለ። እዚያ ያሉት ዝፈን ቢሉት አፈረ፣ እብድ ይሉኛል አለ። ሴቶች ልጆቹ ተጠሩ። ትልቋ ማቲልዳ ልቧ ባይፈቅድም ዘፈነች። ከዚያ ትንሿ ጆአን ተራ ደረሰ። አፍራ በለሆሳስ ጀመረች። አባትየው ተኝቶ፣ እንዲህ አይደለም ብሎ ቃሉ እንዴት እንደሚወጣ አሳያት። ገና ያልተዳረች ልጅ እሷ ብቻ ነበረችና ስለ እሷ ይጨነቅ ነበር።

ዊልያም ኢየሩሳሌም በሄደበት ዘመን ለቴምፕላር ጦረኛ መነኮሳት ተስሎ ነበር። ነጩን ካባ ከዓመት በፊት አሠርቶ ለማንም ሳይናገር አስቀምጦታል። አሁን አስመጣው። መነኩሴ ሲሆን ደግሞ ሴት መሳም አይችልም። ኢዛቤልን ጠራት። የኔ ቆንጆ፣ አሁን ሳሚኝ፤ ከእንግዲህ አትችይም አላት። ቀርባ ሳመችው። ሁለቱም አለቀሱ። ይህን ያስጻፈው ልጃቸው ነው፤ ከእነሱ ሰምቶ ወይም እዚያው ቆሞ። የ30 ዓመት ትዳር ምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው የማሳየው ይህን ነው።

ግንቦት 14 ሞተ። በለንደን በቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ፤ የድንጋይ ምስሉ ዛሬም እዚያ ተጋድሟል።

ኢዛቤልስ? በ1215 ንጉሥ ጆን ያተመው፣ ማግና ካርታ የሚባለው ቃል ኪዳን፣ መበለት ባሏ እንደሞተ ያለ ችግርና ያለ ክፍያ ርስቷን ትረከብ ይላል። ያለ ፈቃዷም ማንም አያስገድዳትም፣ አትዳርም ይላል። ጆን ሲሞት ያንን ሰነድ ያሳደሰውና በራሱ ማኅተም ያተመው ዊልያም ነው። አሁን ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዷ የገዛ ሚስቱ ሆነች። በሳምንታት ውስጥ ርስቷን በስሟ ተረከበች። ለኖርማንዲው መሬት ከፈረንሳዩ ንጉሥ ከፊሊፕ ጋር ተደራደረች፤ ያ መሬት በኋላ ለሁለተኛው ልጅ ለሪቻርድ ሆነ፤ በ1207 አይሰጥም ላለችለት ልጅ። ንጉሥም ሆነ እንደራሴ ሌላ ባል አልሰጣትም።

ዓመት እንኳ አልቆየችም። በመጋቢት 1220 ሞተች። ከባሏ ጎን አላሳረፏትም፤ በቼፕስቶ አጠገብ፣ የአባቷ ወገን የሆነ ደ ክሌር በ1131 ባቋቋመው በቲንተርን ገዳም፣ በራሷ ምድር ተቀበረች።